የአንባቢያን ጥያቄ፦ ገጹ ያው፣ ፋይሉ ግን ለምን ከበደ?

ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚያነሡት ሁለት ችግር ነው። አንዱ የገጽ ማቀናበሪያ ፋይል ያለምክንያት የሚመስል ውፍረት ማውጣቱ ሲሆን ሌላው ቴምፕሌት (ለተደጋጋሚ ሥራ መነሻ የሚሆን ሞዴል) ተብሎ የተቀመጠው ፋይል በማን እንደተነካ ሳይታወቅ መበላሸቱ ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ልማድ ስለሚመነጩ አንድ ላይ ይዘናቸዋል።

ጥያቄ፦ በየወሩ የሚወጣ ባለ 16 ገጽ ዜና መጽሔት በኢንዲዛይን (በአዶቤ የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም) አቀናብራለሁ። ያለፈውን ወር ፋይል ፎልደሩ ውስጥ ኮፒ አደርግና ስሙን ቀይሬ፣ የድሮውን ጽሑፍና ፎቶ አጥፍቼ አዲሱን አስገባለሁ። ሲጀመር 12 ሜጋባይት የነበረው ፋይል አሁን 190 ደርሷል። ገጹም ፎቶውም አልጨመረም። ምን እየሆነ ነው?

መልስ፦ ያጠፉት ነገር ከገጹ ላይ ጠፋ እንጂ ከፋይሉ ውስጥ አልወጣም። ኢንዲዛይን በኮንትሮል ኤስ ሴቭ ሲያደርጉ ፋይሉን ከሀ እስከ ፐ እንደገና አይጽፈውም፤ አዲሱን ለውጥ በነባሩ ላይ ይቀጥለዋል። እንዲህ የሚያደርገው ለፍጥነት ነው፤ ትልቅ ዶክመንት ሴቭ በተደረገ ቁጥር ሙሉ በሙሉ ቢጻፍ ሥራው ይንቀራፈፍ ነበር። በዚህ መንገድ የተጠራቀመው ትርፍ የሚራገፈው በሴቭ አዝ ነው። ሴቭ አዝ ዶክመንቱን አሁን ባለበት ሁኔታ እንደ አዲስ ስለሚጽፈው የማያስፈልገውን ትቶት ይወጣል። እርስዎ ግን ኮፒ የሚያደርጉት ከኢንዲዛይን ውጭ፣ ፎልደር ውስጥ ስለሆነ የእያንዳንዱ ወር ትርፍ እንዳለ ወደሚቀጥለው ወር ይሻገራል።

አሁኑኑ ይሞክሩት። ፋይሉን ይክፈቱ፣ ከፋይል ሜኑ ሴቭ አዝን ይምረጡ፣ አዲስ ስም ይስጡት፤ ከዚያ የሁለቱን መጠን ያወዳድሩ። ልዩነቱ በሙሉ የተጠራቀመ ትርፍ ነበር። አዲሱ ፋይል አሁንም ከተጠበቀው በላይ ከከበደ ክብደቱ እውነተኛ ይዘት ነውና መፈለግ ይኖርብዎታል።

መጀመሪያ ፎቶዎቹን ይዩ። በፕሌስ ትእዛዝ የገባ ፎቶ ዋናው ፋይል ውጭ እንዳለ ሆኖ ኢንዲዛይን የሚይዘው መንገዱንና ለስክሪን የሚበቃ ምስል ብቻ ነው። ከሌላ ፕሮግራም ኮፒ ተደርጎ ፔስት የተደረገ ፎቶ ግን ሙሉ በሙሉ ውስጥ ይገባል፣ ከውጭ የተያያዙት ፎቶዎች በሚዘረዘሩበት በሊንክስ ፓነል ላይም በስሙ አያገኙትም። ገጹ ላይ ያለ ፎቶ ፓነሉ ውስጥ ከሌለ እሱ ነው፤ ያጥፉትና ዋናውን ፋይል ፈልገው በፕሌስ ያስገቡት። ፓነሉ ላይ የኢምቤድ (ሙሉ በሙሉ ፋይሉ ውስጥ የተከተተ) ምልክት የተደረገበት ካለ ደግሞ ስሙን መርጠው ከፓነሉ ሜኑ አንኢምቤድ ሊንክ ይበሉት።

ሁለተኛው ከገጹ ውጭ ያለው ፔስትቦርድ ነው። «ምናልባት ያስፈልገኛል» ተብሎ ወደ ጎን የተገፋ ሁሉ እዚያ ተቀምጦ ይቆጠራል። እይታውን አጥብበው በየገጹ ዙሪያ ያለውን ያጽዱ።

ሦስተኛው ፕሪቪው ነው። በፕሪፈረንስስ ውስጥ ፋይል ሃንድሊንግ በሚለው ክፍል ሴቭ በተደረገ ቁጥር የገጾቹ ትንንሽ ምስሎች እንዲቀመጡ የሚያዝ ምርጫ አለ። የሚቀመጡት ገጾች ከመጀመሪያው ገጽ ብቻ እስከ ሁሉም ገጾች፣ መጠናቸውም ከ128 እስከ 1024 ፒክስል ሊሆን ይችላል። ሁሉም ገጽ በትልቁ መጠን ተመርጦ ከሆነ ወደ መጀመሪያው ገጽና ወደ አነስተኛው መጠን ያውርዱት። ሥራውን የሚጎዳ ነገር የለውም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ፋይሉ አሁንም ግራ የሚያጋባ ከሆነ፣ ወይም ሲከፈት የሚንገራገጭ ከሆነ፣ በአይዲኤምኤል (የኢንዲዛይንን ዶክመንት በጽሑፍ መልክ በሚያስቀምጥ ፎርማት) ያጥቡት። በሴቭ አዝ ፎርማቱን አይዲኤምኤል አድርገው ያስቀምጡ፣ ያንን ይክፈቱ፣ መልሰው በተራው የኢንዲዛይን ፎርማት በአዲስ ስም ያስቀምጡ። ዶክመንቱ በዚህ መንገድ ከመነሻው ስለሚገነባ ለዓመታት የተከማቸ ዝገት ይራገፋል። ኢምቤድ የተደረገ ፎቶን ግን አይዲኤምኤልም ይዞት ይሄዳል፤ ስለዚህ የፎቶው ጽዳት ይቅደም። ሲጨርሱ አዲሱን ከአሮጌው ጋር ገጽ በገጽ ያስተያዩ፤ መስመር የተዛወረበት አንቀጽ ሊኖር ይችላል።

ዋናው መድኃኒት ግን ያለፈውን ወር ፋይል እንደ መነሻ መጠቀሙን መተው ነው። የተጸዳውን ፋይል ባዶ አድርገው ቴምፕሌት ይሥሩበት። አሠራሩን በሚቀጥለው መልስ ያገኙታል።

ጥያቄ፦ ቢሮአችን ውስጥ አምስት ሰዎች በአንድ ቴምፕሌት እንሠራለን። በየሳምንቱ አንድ ሰው ሳያውቅ ላዩ ላይ ሠርቶ ሴቭ ያደርገዋል። የአርዕስቱ መጠን ይቀየራል፣ የማናውቀው ቀለም ይጨመራል። ደግሞም ቴምፕሌቱን ስናስተካክል ቀደም ብለው የተሠሩት ፋይሎች አይስተካከሉም። እንዴት እንያዘው?

መልስ፦ ከጥያቄያችሁ እንደምንገምተው ቴምፕሌት የምትሉት ፋይል በስሙ ብቻ ነው ቴምፕሌት የሆነው። «ቴምፕሌት» የሚል ስም የተሰጠው ተራ የኢንዲዛይን ዶክመንት ሁለቴ ሲጫኑት ራሱ ይከፈታል፣ ሴቭ ሲደረግም ራሱ ይለወጣል። በሴቭ አዝ ሳጥን ውስጥ ከፎርማት ዝርዝሩ ኢንዲዛይን ቴምፕሌት የሚለውን መርጣችሁ አስቀምጡት። ከዚያ በኋላ ማንም ሲከፍተው ስም የሌለው አዲስ ዶክመንት ይወጣለታል፤ በኮንትሮል ኤስ ሴቭ ልበል ቢልም ፕሮግራሙ ስም ይጠይቀዋል።

ቴምፕሌቱን ራሱን ማረም ሲያስፈልግ በፋይል ሜኑ ኦፕን ብላችሁ በመክፈቻው ሳጥን ግርጌ ካሉት ሦስት ምርጫዎች ኦሪጅናልን ምረጡ። ኖርማል ሲሆን ቅጂ ነው የሚከፍተው፤ ዋናውን የሚከፍተው ኦሪጅናል ብቻ ነው። ይህን የማድረግ ኃላፊነት ለአንድ ሰው ብቻ ስጡ። ለአራቱ የጋራው ፎልደር የማንበብ ፈቃድ ብቻ ይኑረው። «ሁላችንም እንጠነቀቃለን» በሚል ስምምነት የቆየ ቴምፕሌት የለም፤ ፈቃዱን መዝጋት ግን ይሠራል።

ውስጡ ምን ይኑር? የገጽ መጠን፣ ማርጂን፣ ኮለም፣ ቤዝላይን ግሪድ (የጽሑፍ መስመሮች የሚያርፉበት የማይታተም መስመር)፣ የገጽ ቁጥርና ራስጌ ያለባቸው ማስተር ፔጆች (በአዲሶቹ ኢንዲዛይኖች ፓረንት ፔጅ ይባላሉ)፣ የፓራግራፍ፣ የካራክተርና የኦብጀክት ስታይሎች (በስም የተቀመጡ የቅርጽ ቅንብሮች)፣ የተፈቀዱት ቀለሞች። ለፎቶ የሚሆኑ ባዶ ፍሬሞችም ይግቡ፤ በኦብጀክት ሜኑ ፊቲንግ ውስጥ ፍሬም ፊቲንግ ኦፕሽንስን ከፍታችሁ ፍሬሙን በመጠኑ የሚሞላውን ምርጫ አስቀድማችሁ ብትሰጧቸው የሚገባው ፎቶ ሁሉ ራሱ ልክ ይሆናል። ይህች ትንሽ ዝግጅት በየሳምንቱ የምትቆጥበው ጊዜ ቀላል አይደለም።

ያለፈ ወር ፎቶ፣ ለናሙና የተተወ ሙሉ ጽሑፍ፣ «ተጠንቀቅ፣ እንዳይነካ» የሚል ማስታወሻ ያለበት ፍሬም ግን አይግባ። ለሎጎ የተለየ አስተያየት አለን። ሎጎው በቬክተር (በፒክስል ሳይሆን በመስመርና በነጥብ) ተሠርቶ ጥቂት ኪሎባይት ከሆነ ማስተር ፔጁ ላይ ኢምቤድ አድርጉት። የሚቀመጠው አንድ ጊዜ ስለሆነ ክብደት አይጨምርም፤ ፋይሉ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲሄድም ሊንኩ አይጠፋም። ሌላው ምስል ሁሉ በሊንክ ይሁን።

ፎንቱን ቴምፕሌቱ አይሸከምም። በአምስቱም ኮምፒውተሮች ላይ ያው ፎንት፣ ያውም ያው ቨርዥን መጫን አለበት። ስሙ አንድ ሆኖ ቨርዥኑ ከተለያየ ፕሮግራሙ ፎንት ጠፋ ብሎ ላያስጠነቅቃችሁ ይችላል፤ የፊደሉ ስፋት በጥቂቱ ተለውጦ ከሆነ ግን አንቀጹ በአንድ መስመር ይረዝምና የኮለሙ የመጨረሻ መስመር ከፍሬሙ ውጭ ይቀራል። በፍሬሙ ታች ቀኝ ጥግ ላይ ቀይ የመደመር ምልክት ካያችሁ ያ ነው የሆነው።

የቆዩት ፋይሎች አለመስተካከላቸው ግን ጉድለት አይደለም። ከቴምፕሌት የወጣ ዶክመንት ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ ከእናቱ ጋር ግንኙነት የለውም። ለውጡን መውሰድ ከፈለጋችሁ የቆየውን ዶክመንት ከፍታችሁ በፓራግራፍ ስታይልስ ፓነል ሜኑ ውስጥ ሎድ ኦል ቴክስት ስታይልስ በሉና ቴምፕሌቱን አመልክቱት። የስም ግጭት ሲመጣ የሚመጣውን ስታይል እንዲጠቀም ምረጡ። ማስተር ፔጆችንም በፔጅስ ፓነል ሜኑ እንዲሁ ሎድ ማድረግ ይቻላል። ይህ የሚሠራው ግን የስታይሎቹ ስም ፊደል በፊደል አንድ ሲሆን ነው። አንዱ «አርዕስት 1» ሌላው «አርእስት 1» ከሆነ ፕሮግራሙ ሁለት የተለያዩ ስታይሎች አድርጎ ይይዛቸዋል። በአማርኛ ስም የምትሰይሙ ከሆነ «ዕ»ን እና «እ»ን፣ «ሥ»ን እና «ስ»ን አስቀድማችሁ ተስማሙባቸው።

ጥያቄ፦ በስክራይበስ (በነጻ የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም) እሠራለሁ። ፋይሌ 400 ኪሎባይት ብቻ ስለሆነ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፤ በፍላሽ ይዤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ግን ፎቶዎቹ በሙሉ የሉም።

መልስ፦ ፋይልዎ ቀላል የሆነው ፎቶዎቹ ውስጡ ስለሌሉ ነው። ስክራይበስ ጽሑፉንና የገጹን አቀማመጥ በኤክስኤምኤል (በተራ ጽሑፍ ላይ በተመሠረተ ፎርማት) ይጽፋል፣ ለፎቶዎቹ ደግሞ ያሉበትን መንገድ ይመዘግባል። ወደ ሌላ ቦታ ሲሄዱ በፋይል ሜኑ ካሉት ትእዛዞች ኮሌክት ፎር አውትፑት የሚለውን ይጠቀሙ፤ ዶክመንቱንና ፎቶዎቹን በአንድ ፎልደር ይሰበስብልዎታል፣ ሲጠይቅዎት ከፈቀዱለት ፎንቶቹንም ይጨምራል። በፍላሽ የሚወስዱት ያንን ፎልደር ሙሉውን ነው። ፋይሉን የበለጠ ማሳነስ ከፈለጉ ሴቭ አዝ ሳጥን ላይ የኮምፕረስ ምርጫ አለ፤ ጽሑፍ ለበዛበት ሥራ ጥሩ ነው፣ ፎቶውን ግን አይነካውም። በዚያው በፋይል ሜኑ ሴቭ አዝ ቴምፕሌት የሚለውን ካደረጉ ደግሞ በኋላ ኒው ፍሮም ቴምፕሌት ሲሉ ከዝርዝሩ ያገኙታል።

ጥያቄ፦ ፎቶግራፍ አንሺያችን የሚሰጠን ፎቶ 6000 በ4000 ፒክስል ነው። መጽሔቱ ላይ የሚገባው 9 ሴንቲሜትር ስፋት ሆኖ ነው። ኢንዲዛይን ውስጥ አሳንሰነዋል፣ ከፊሉንም ቆርጠነዋል። አሁንም ለኅትመት የምንልከው ፎልደር ጊጋባይት ያልፋል።

መልስ፦ ፍሬም ውስጥ ማሳነስ ፎቶውን አያሳንሰውም፤ መቁረጥም የተቆረጠውን አያስወግደውም። ፍሬሙ እንደ መስኮት ነው፤ መስኮቱን ስላጠበቡት ከበስተጀርባ ያለው ሜዳ አልጠበበም።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 9 ሴንቲሜትር ለ2.54 ሲካፈል 3.54 ኢንች ነው። በኢንች 300 ፒክስል ሲታሰብ የሚያስፈልገው ስፋት 1063 ፒክስል፣ ከፍታው ደግሞ 709 ፒክስል ብቻ ነው። ይህ ሦስት አራተኛ ሚሊዮን ፒክስል ሲሆን የእርስዎ ፎቶ 24 ሚሊዮን ነው፤ 32 እጥፍ ያህል። ባልተጨመቀ አርጂቢ (በስክሪን ሦስት ቀለም) ሲለካ የሚያስፈልገው 2.3 ሜጋባይት፣ የእርስዎ 72 ሜጋባይት ይሆናል።

ይህንን ፕሮግራሙ ራሱ ያሳይዎታል። ፎቶውን በሊንክስ ፓነል ላይ ይምረጡና ከታች ያለውን ዝርዝር ይክፈቱ። ፒፒአይ ማለት በአንድ ኢንች ያለው የፒክስል ብዛት ነው። አክቹዋል ፒፒአይ የፋይሉ ነው፤ ኢፌክቲቭ ፒፒአይ ደግሞ አሁን ገጹ ላይ ባለው መጠን የሚወጣው ነው። መታየት ያለበት ሁለተኛው ነው። በእርስዎ ፎቶ ላይ 1690 አካባቢ ያነባል። ለጥሩ ወረቀት ኅትመት 300 ይበቃል፤ እስከ 450 ቢደርስ አያስጨንቅም። ከ200 በታች ሲወርድ ግን የፊት ገጽታና ቀጭን መስመር መፍረስ ይጀምራል።

ስለዚህ ገጹ ካለቀ በኋላ፣ ከዚያ በፊት ሳይሆን፣ ፎቶውን በፎቶሾፕ ከፍተው በኢሜጅ ሳይዝ ሪሳምፕል (የፒክስሉን ብዛት የሚቀይረው) የሚለው ምልክት እንደተደረገበት ስፋቱን 9 ሴንቲሜትር፣ ሪዞሉሽኑን 300 ያድርጉት። በሌላ ስም በሌላ ፎልደር ያስቀምጡት፤ ዋናው ፎቶ ፈጽሞ አይነካ። ከዚያ በሊንክስ ፓነል ሪሊንክ ይበሉት። «ከዚያ በፊት ሳይሆን» ያልነው በምክንያት ነው። በ9 ሴንቲሜትር ልክ የታረመ ፎቶ ነገ የሽፋን ገጽ እንዲሆን ቢወሰን ኢፌክቲቭ ፒፒአዩ ወደ 130 ይወርድና ጥቅም አይሰጥም።

ጥቁርና ነጭ የሚታተመውን ፎቶ ወደ ግሬይስኬል መለወጥም አይርሱ። ሙሉ የኤ4 ገጽ በ300 ፒፒአይ 2480 በ3508 ፒክስል ነው። ሳይጨመቅ በሲኤምዋይኬ (በኅትመት አራት ቀለም) 35 ሜጋባይት፣ በአርጂቢ 26፣ በግሬይስኬል ወደ 9 ሜጋባይት ይሆናል።

ጥያቄ፦ ለኢሜይል የሚሆን ፒዲኤፍ ለማውጣት ስሞሌስት ፋይል ሳይዝ የሚለውን መረጥኩ። ፎቶዎቹ ደበዘዙ፤ ፋይሉ ግን አሁንም 40 ሜጋባይት ነው። ዶክመንቱ ካርታና ፎቶ ያለበት ሪፖርት ነው።

መልስ፦ ፎቶው ደብዝዞ ፋይሉ ካልቀለለ ጥፋቱ የፎቶው አይደለም። ካርታውን እንጠረጥራለን። ያ ምርጫ በኢንች ከ150 ፒክስል በላይ ያለውን የቀለም ምስል ወደ 100 ያወርዳል፤ በመስመርና በነጥብ የተሠራን ቬክተር ግን አይነካም። ከካርታ ሥራ ፕሮግራም የመጣ ካርታ እያንዳንዱን የወንዝ ጥምዝምዝ በብዙ ሺህ ነጥብ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ግምታችንን እንዲያረጋግጡ በአክሮባት ፕሮ ፒዲኤፉን ይክፈቱ፤ በሴቭ አዝ አዘር ውስጥ ኦፕቲማይዝድ ፒዲኤፍ ይበሉና ከላይ ያለውን ኦዲት ስፔስ ዩሴጅ የሚል ቁልፍ ይጫኑ። ምስሎች፣ ፎንቶች፣ የገጽ ይዘት እያለ የእያንዳንዱን ድርሻ በባይትና በመቶኛ ያሳያል። ብዙውን የያዘው ኮንተንት ስትሪምስ ወይም ኤክስ ኦብጀክት ፎርምስ የሚለው ከሆነ የቬክተሩ ክብደት ነው። መፍትሔው ካርታውን ወደ ምስል መለወጥ ነው፤ ለስክሪን 150 ፒፒአይ፣ በካርታው ላይ ያለው ጽሑፍ ደቃቃ ከሆነ 200። የቦታ ስሞቹን ቢቻል ኢንዲዛይን ውስጥ በላዩ ላይ ይጻፏቸው፤ ጽሑፍ ሆነው ሲቀሩ ቢጎሉም ጥርት ብለው ይነበባሉ።

የፎቶዎቹን ድብዘዛ በተመለከተ፣ ያንን ምርጫ እንደ መነሻ ወስደው ኮምፕረሽን በሚለው ክፍል 100ውን ወደ 150፣ የጄፔጉን ጥራት ወደ ሚዲየም ከፍ ያድርጉት፤ በሴቭ ፕሪሴት ስም ሰጥተው ያስቀምጡት። በእነዚህ ቅንብሮች የወጣ ፒዲኤፍ ግን በስሕተት ወደ ማተሚያ እንዳይሄድ ስሙ ላይ «ለስክሪን» የሚል ቃል ይጨምሩበት። ለማተሚያ በፕሬስ ኳሊቲ ሌላ ያውጡ፤ እሱ ከ450 በላይ ያለውን ብቻ ነው ወደ 300 የሚያወርደው።

ጥያቄ፦ ቴምፕሌቶቻችን በሙሉ በማይክሮሶፍት ፐብሊሸር የተሠሩ ናቸው፤ አንዳንዱ 80 ሜጋባይት ነው። ፐብሊሸር ይቆማል ሲባል ሰማን። ምን እናድርግ?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ማይክሮሶፍት ድጋፉ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2026 እንደሚያበቃ አስታውቋል፤ ከዚያ በኋላ የማይክሮሶፍት 365 ደንበኞች ፋይሎቹን በፐብሊሸር መክፈት አይችሉም። ስለዚህ መጠን ከማሳነስ ሥራ በፊት ይዘቱን ማውጣት ይቅደም። የእያንዳንዱን ፋይል ጥሩ ጥራት ያለው ፒዲኤፍ አውጡ፤ ያ ለማየትና ለማተም መረጃ ሆኖ ይቀመጣል። ጽሑፉን በተራ ጽሑፍ ፋይል አስቀምጡ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ በቀኝ ቁልፍ ሴቭ አዝ ፒክቸር ብላችሁ በፎልደር ሰብስቡ። ይህን ሳታደርጉ ፎቶውን ኮምፕረስ አታድርጉ፤ የተቆረጠው ክፍል ከጠፋና ሪዞሉሽኑ ከወረደ መመለሻ የለውም።

ሊብሬኦፊስ ድሮው (Draw) የተባለው ነጻ ፕሮግራም የፐብሊሸርን ፋይል ይከፍታል፤ ብዙውን ጊዜ አቀማመጡ ይነቃነቃል፣ ጽሑፉንና ምስሉን ለማትረፍ ግን ይበቃል። ቴምፕሌቶቹን እንዳሉ ወደ ሌላ ፕሮግራም ለማሻገር ጊዜ ባታጠፉ እንመክራለን። የገጽ መጠኑን፣ ማርጂኑን፣ የፎንቱን ስምና መጠን፣ የቀለሞቹን ቁጥር በወረቀት ላይ ጽፋችሁ በአዲሱ ፕሮግራም ከባዶ ሥሩት፤ ቴምፕሌት አጽም ስለሆነ ከባዶ ቢሠራ የሚወስደው ጊዜ ከምትፈሩት ያነሰ ነው።

እስከዚያ ድረስ በየቀኑ የምትሠሩበት 80 ሜጋባይት ፋይል ካስቸገራችሁ፣ ፎቶ መርጣችሁ በኮምፕረስ ፒክቸርስ ለማተሚያ ቤት 300፣ ለቢሮ ፕሪንተር 220፣ ለድረ ገጽ 96 ፒፒአይ ከሚሉት አንዱን ምረጡ፤ በቅጂው ላይ ብቻ።

ጥያቄ፦ በአፊኒቲ ፐብሊሸር አንድ ባለ ስምንት ገጽ ብሮሹር 300 ሜጋባይት ሆነብኝ። በፎልደሬ ያሉት ፎቶዎች ድምር ግን 90 ብቻ ናቸው።

መልስ፦ ሁለት ቦታ ይዩ። አንደኛው በፋይል ሜኑ ውስጥ ያለው ሴቭ ሂስትሪ ዊዝ ዶክመንት የሚል ምርጫ ነው፤ ምልክት ተደርጎበት ከሆነ ወደ ኋላ መመለሻ (አንዱ፣ Undo) የሆነው እያንዳንዱ እርምጃ ከፋይሉ ጋር ይቀመጣል። ያጥፉት። ሁለተኛው በዊንዶው ወይም በዶክመንት ሜኑ የሚገኘው ሪሶርስ ማናጀር ነው፤ እዚያ እያንዳንዱ ምስል ኢምቤድ ይሁን ሊንክ በአምድ ተጽፎ ይታያል። ሁሉንም ይምረጡና ሜክ ሊንክድ ይበሉ፤ የሚቀመጡበትን ፎልደር ይጠይቅዎታል፣ ከብሮሹሩ ፋይል አጠገብ ያለ ፎልደር ይስጡት። በመጨረሻ በሴቭ አዝ በአዲስ ስም ያስቀምጡ፤ በተራው ሴቭ ብቻ ከተዉት መጠኑ ወዲያው ላይወርድ ይችላል። አዲሱን ከፍተው ምስሎቹ ሁሉ መኖራቸውን ሳያዩ አሮጌውን እንዳያጠፉት።